ሪአክት ናቪጌሽን 7፦ ለገጽ አስተማማኝ፣ ለሞዳል ጥንቃቄ የሚሻ

በሪአክት ኔቲቭ (በአንድ ኮድ ለአይፎንም ለአንድሮይድም አፕ በሚሠራበት መሣሪያ) የተጀመረ አፕ ሁለተኛ ገጽ እንዳስፈለገው «ከዚህ ወደዚያ በምን ይኬዳል?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ሪአክት ኔቲቭ ራሱ ይህን የሚሠራ ክፍል ይዞ ስለማይመጣ ከውጭ መጨመር ግድ ነው፤ ብዙው ሰው የሚጨምረውም ሪአክት ናቪጌሽንን ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው 5ኛው ዕትም ገጾችን እንደ ተራ ኮምፖነንት መጻፍ አስቻለ፣ 6ኛው በ2021 ተከተለ፣ እዚህ የሚገመገመው 7ኛው ደግሞ በ2024 መጨረሻ ላይ ወጣ።

ፍርዱ ከፊት ይምጣ። ገጽ በገጽ ላይ ለመደርደርና ወደ ኋላ ለመመለስ ይህ ላይብረሪ የሚታመን ነው። ሞዳል ላይ፣ ማለትም በሌላ ገጽ ላይ ተደርቦ የሚከፈተው ላይ ሲደረስ ግን አንዱ ኮድ በአይፎንና በአንድሮይድ ሁለት መልክ ስለሚይዝ፣ ሳያውቅ የገባበት ሰው ቀናት ያባክናል። የዚህ ግምገማ ትልቁ ድርሻም እዚያው ላይ ነው።

አገጣጠሙ

ቢያንስ ሪአክት ኔቲቭ 0.72 ያስፈልጋል፤ በታይፕስክሪፕት ለሚጽፍ ደግሞ 5.0። የሚጫኑት ጥቅሎች አራት ናቸው፦ ዋናው የናቪጌሽን ጥቅል፣ የኔቲቭ ስታክ ጥቅል (ስታክ ገጾች አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረደሩበት ቁልል ነው)፣ ሪአክት ኔቲቭ ስክሪንስ እና ሴፍ ኤሪያ ኮንቴክስት። ጌስቸር ሃንድለርን በጃቫስክሪፕት የተጻፈውን ስታክ ወይም የጎን ድሮወሩን የሚጠቀም ብቻ ይጫነው፤ ለኔቲቭ ስታክ አያስፈልግም። ጥቅሎቹ ኔቲቭ ኮድ ስላላቸው ሪሎድ ማድረግ አይበቃም። ለአይኦኤስ ፖድ ኢንስቶል ተደርጎ አፑ እንደ አዲስ ቢልድ ይደረጋል። ይህን የረሳ ሰው የስክሪን ቪው አልተገኘም የሚል ቀይ ገጽ ይመጣበታል፤ ኮዱን ደጋግሞ ቢያነብም ስህተት አያገኝም፣ ስህተቱ ኮዱ ውስጥ አይደለምና።

በአንድሮይድ በኩል አንድ ትንሽ መስመር አለች፣ ብዙ ሰው የሚዘላት። በሜይን አክቲቪቲ ፋይል ውስጥ፣ ኦንክሪኤት ላይ፣ የስክሪንስን ፍራግመንት ፋክተሪ መሰየም ያስፈልጋል። የዘለላት ሰው አፑን ሲሞክር ምንም ችግር አያይም። ስልኩ ሜሞሪ አጥሮት አክቲቪቲውን ዘግቶ በኋላ ሲያስነሣው ግን አፑ ይወድቃል። አንድሮይድ የድሮዎቹን ፍራግመንቶች በራሱ ሊያስነሣ ይሞክራል፤ የገጾቹ እውነተኛ ሁኔታ ያለው ግን ጃቫስክሪፕት ጋ ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም። ተጠቃሚ እጅ ላይ ከመፈንዳቱ በፊት ለማየት በስልኩ የዴቨሎፐር ምርጫዎች ውስጥ አክቲቪቲዎችን እንዳያቆይ የሚያዘውን ማብራት፣ ከዚያ ከአፑ ወጥቶ መመለስ ነው።

ስታኮቹ ሁለት ናቸውና የትኛው ይመረጥ? ኔቲቭ ስታኩ በአይኦኤስ የአፕልን ናቪጌሽን ኮንትሮለር፣ በአንድሮይድ ፍራግመንትን ይጠቀማል። እንቅስቃሴው የስልኩ የራሱ ነው፣ ጃቫስክሪፕቱ ሥራ ቢበዛበትም አይንገዳገድም። የጃቫስክሪፕቱ ስታክ የሽግግር እንቅስቃሴውን እንደፈለጉ ለመቅረጽ ይመቻል፤ ዋጋው ግን ደከም ባሉ ስልኮች ላይ ይታያል። የተለየ አኒሜሽን የግድ ካልሆነ ኔቲቩን ይዞ መሄድ ነው።

ናቪጌት እንደ ድሮው አይደለም

ከ6 ወደ 7 ለሚሸጋገር ሰው ትልቁ ለውጥ ናቪጌት የተባለው ትእዛዝ ነው። ድሮ ናቪጌት ሲጠራ የተጠራው ገጽ ከታች በስታኩ ውስጥ ካለ፣ በላዩ ያሉትን አንሥቶ ወደዚያ ይመለስ ነበር። ከሌለ አዲስ ይከፍታል። አንዱ ትእዛዝ አንዳንዴ ወደ ፊት፣ አንዳንዴ ወደ ኋላ ይወስድ ነበር ማለት ነው፤ የትኛውን እንደሚያደርግ ለማወቅ ተጠቃሚው በየት በኩል እንደመጣ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። በ7 ናቪጌት ሁልጊዜ ወደ ፊት ነው። የተጠራው ገጽ አሁን ከላይ የሚታየው ራሱ ከሆነ ብቻ አዲስ ከመክፈት ይልቅ ፓራሜትሩን ይቀይራል።

ችግሩ የሚወጣው ድሮ የተጻፈው ኮድ ያለ ምንም የስህተት መልእክት መሥራቱን ስለሚቀጥል ነው። ዝርዝር፣ ከዚያ ዝርዝር መረጃ፣ ከዚያ ማረጋገጫ ተከፍቷል እንበል፤ ማረጋገጫው ላይ ያለው «ጨርስ» ቁልፍ ወደ ዝርዝር ናቪጌት ያደርጋል። በ6 ሦስት የነበረው ድርብ ወደ አንድ ይወርዳል። በ7 አራተኛ ሆኖ ሌላ ዝርዝር በላዩ ይከመራል። ምልክቶቹ፦ ዝርዝሩ ከዜሮ እንደገና ይጭናል፣ ተጠቃሚው ወርዶበት የነበረው ቦታ ይጠፋል፣ የመመለሻ ቁልፉን ሲነካም ያለቀለት ማረጋገጫ ገጽ ተመልሶ ይመጣል። ክፍያ ያለበት አፕ ከሆነ የመጨረሻው ቀልድ አይደለም።

መፍትሔው ፖፕቱ የሚባለው አዲስ ትእዛዝ ነው፤ በስም የተጠራው ገጽ ድረስ ያሉትን አንሥቶ ይመለሳል። ናቪጌትን ፖፕ የሚል ምርጫ ጨምሮ መጥራትም ይቻላል። ሽግግሩን በአንድ ጊዜ ለመጨረስ ጊዜ ያጣ ቡድን የድሮውን ጠባይ በናቪጌት ዴፕሪኬትድ ሊያቆይ ይችላል፣ ግን ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ዘላቂ ቤት አይደለም። ለውጡ ያስቸግራል እንጂ ትክክል ነው፤ ኮዱን የሚያነብ ሰው አሁን አቅጣጫውን ከትእዛዙ ስም ብቻ ያውቃል።

ሌላው የተቀየረው በሌላ ናቪጌተር (እንደ ስታክ ወይም ታብ ገጾችን በሚይዝ ክፍል) ውስጥ ያለን ገጽ መጥራት ነው። ድሮ ውስጠኛው ናቪጌተር አስቀድሞ ተከፍቶ ከነበረ፣ የልጁን ገጽ ስም ብቻ መጥራት ይሠራ ነበር፤ ካልተከፈተ አይሠራም። በ7 የወላጁን ስም ከነልጁ መጥራት ግድ ሆኗል። «አንዳንዴ ይሠራል» የሚባለው የባግ ዓይነት ምንጩ አንዱ ይኸው ነበርና መዘጋቱ ደግ ነው።

ፑሽ የሚባለው ሁልጊዜ አዲስ ገጽ ይከምራል። ከአንድ ዕቃ ገጽ ወደ ተመሳሳይ ዕቃ ገጽ ለመሄድ ትክክለኛው እሱ ነው። ለሌላ ቦታ ሁሉ ፑሽ መጠቀም ግን አንድ ጉድ ያመጣል፦ ተጠቃሚው ቁልፉን ቶሎ ቶሎ ሁለት ጊዜ ቢነካ ሁለት ገጽ ይከፈታል። ናቪጌት ሁለተኛውን ንክኪ ገጹ ከላይ ስላለ ያልፈዋል።

ሞዳል፦ በአንድ ስም ሁለት ነገር

ሪአክት ኔቲቭ ራሱ ሞዳል የሚባል ኮምፖነንት አለው። ሪአክት ናቪጌሽን ደግሞ አንድን ገጽ በሞዳል መልክ የሚያቀርብበት ፕረዘንቴሽን የተባለ ምርጫ አለው። ስማቸው አንድ ነው፣ ጠባያቸው ግን የማይገናኝ ነው፤ በዚህ ዘርፍ ከሚመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከዚህ መምታታት የሚወለዱ ናቸው።

ኮምፖነንቱ ከአፑ ገጾች ሁሉ በላይ በራሱ የኔቲቭ መስኮት ይከፈታል። ናቪጌተሩ መኖሩን አያውቅም። ከሞዳሉ ውስጥ ሆኖ ወደ ሌላ ገጽ ናቪጌት ቢደረግ ገጹ በእርግጥ ይከፈታል፣ ግን ከሞዳሉ ሥር ነው፤ ተጠቃሚው ምንም እንዳልሆነ ያያል። ከሥር ባለው ገጽ ላይ የተቀመጠ የቶስት መልእክትም እንዲሁ ከበስተኋላ ይቀራል። በአይኦኤስ አንዱን ሞዳል ዘግቶ በዚያው ቅጽበት ሌላውን መክፈት አይሆንም፤ የመጀመሪያው ገና በመውረድ ላይ ስላለ ሁለተኛው ሳይታይ ይቀራል፣ አንዳንዴም ገጹ ንክኪ የማይቀበል ሆኖ ይደርቃል። ሁለተኛውን ኦንዲስሚስ ከተጠራ በኋላ መክፈት ያድናል። በአንድሮይድ ደግሞ የመመለሻ ቁልፉ በኦንሪኩዌስትክሎዝ በኩል ብቻ ነው የሚሰማው፤ ሞዳሉ ክፍት ሳለ ባክሃንድለር ላይ የተጻፈ ኮድ ጨርሶ አይጠራም።

ይህ ሁሉ ኮምፖነንቱን መጥፎ አያደርገውም። «ይሰረዝ?» ብሎ ጠይቆ ለሚጠፋ ነገር ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን በውስጡ ፎርም ያለው፣ ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ፣ ወይም በሊንክ መከፈት ያለበት ከሆነ ገጽ ይሁን። ገጽ ሲሆን በስታኩ ታሪክ ውስጥ ይመዘገባል፣ የመመለሻ ቁልፉ ያውቀዋል፣ ፓራሜትር ይቀበላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ነው፤ ኮምፖነንት ሆኖ የጀመረን ባለ ሦስት ደረጃ ፎርም በኋላ ወደ ገጽ መቀየር ማለት እንደገና መጻፍ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፕረዘንቴሽኑ። ዋናው ምርጫ ሞዳል የሚለው ነው። ከአይኦኤስ 13 ጀምሮ ይህ ከበስተኋላው ያለውን ገጽ ጫፍ አሳይቶ የሚቆም ካርድ ነው፤ ወደ ታች ሲጎተት ይዘጋል። በአንድሮይድ ያ የካርድ ቅርጽ የለም፣ ሙሉ ገጽ ሆኖ ይከፈታል። ፉልስክሪንሞዳል በአይኦኤስ መላውን ስክሪን ይሸፍናል፣ በመጎተትም አይዘጋም፤ ስለዚህ መዝጊያ ቁልፍ ካልተሠራለት ተጠቃሚው እስረኛ ነው። ትራንስፓረንትሞዳል የታችኛውን ገጽ ሳያነሣ በላዩ ይቀመጣል፤ ጀርባውን ጠቆር አድርጎ መሐል ላይ ሣጥን ለማሳየት የሚያገለግለው እሱ ነው። ጀርባውን ማጥቆር የጸሐፊው ሥራ መሆኑን አለመርሳት ነው፣ ላይብረሪው አያጠቁርም።

አጻጻፉ እንዲህ ቢሆን ይመከራል። ከሁሉ በላይ አንድ ሥር ስታክ ይኑር። በውስጡ አንደኛው ገጽ መላው ታብ ናቪጌተር ይሁን። ሞዳሎቹ ደግሞ በዚሁ ሥር ስታክ ውስጥ፣ በአንድ ግሩፕ ሥር፣ ፕረዘንቴሽናቸው ለግሩፑ በአንድ ጊዜ ተሰጥቶ ይቀመጡ። ሞዳሉ በአንዱ ታብ ውስጥ ባለው ስታክ ከተቀመጠ በአንድሮይድ የታቡ መደዳ ከሥሩ ተጋልጦ ይቀራል፤ ተጠቃሚውም ፎርሙን ሳይጨርስ ሌላ ታብ ነክቶ ይሄዳል።

ከዚያ የአይፎኑ ጣጣ ይመጣል። ሞዳሉ ሄደር ቢኖረውም የመመለሻ ቀስት አይወጣለትም፣ ሞዳሉ በራሱ ቁልል ውስጥ የመጀመሪያው ገጽ ነውና። አንድሮይድ ላይ ቀስቱ ይታያል። በአንድሮይድ ብቻ የሚሞክር ሰው ይህን ሳያውቅ ይለቀዋል። ስለዚህ በሄደሩ ግራ ወይም ቀኝ «ዝጋ» የሚል ቁልፍ በእጅ መጨመር ነው፤ ካርዱ በመጎተት ቢዘጋም ጎትቶ መዝጋትን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፣ የስክሪን አንባቢ ለሚጠቀምም ቁልፉ ግድ ነው።

ሞዳሉ ደረጃ ያለው ከሆነስ? ከሞዳል ገጽ ላይ በዚያው ሥር ስታክ ውስጥ ያለ ተራ ገጽ ቢከፈት፣ በአይኦኤስ ወደ ጎን በመንሸራተት ፈንታ ሌላ ካርድ ሆኖ በካርዱ ላይ ይደረባል። ሦስት ደረጃ ካለ ሦስት ካርድ። ለዚህ መድኃኒቱ ሞዳሉ ራሱ የራሱ ስታክ እንዲሆን ማድረግ ነው፦ በሥር ስታኩ ላይ አንድ ሞዳል ገጽ፣ በውስጡ ሌላ ኔቲቭ ስታክ፣ ደረጃዎቹ በእሱ ውስጥ። ይህ ሲደረግ ሁለት ሄደር ተደራርቦ ይታያል፤ የውጭውን ሄደር በሄደርሾውን መዝጋት፣ የውስጡን መተው ነው። ሁሉንም ደረጃ በአንድ ጊዜ ለመዝጋት ጎባክ አይበቃም፣ አንድ ደረጃ ብቻ ይመልሳልና። ጌትፓረንት ተብሎ ወላጁ ተይዞ ጎባክ በወላጁ ላይ ሲጠራ መላው ሞዳል ይወርዳል።

ከሞዳሉ የተመረጠውን ነገር ወደ ታችኛው ገጽ መመለስ የሚሻ ሰው ብዙ ጊዜ ፈንክሽን በፓራሜትር ይልካል። ይሠራል፣ ማስጠንቀቂያም ያመጣል፤ ማስጠንቀቂያውን ዝም ማሰኘት ግን ስህተት ነው። የገጾቹ ሁኔታ ተቀምጦ በኋላ እንዲነሣ ከተፈለገ፣ ወይም ገጹ በሊንክ ከተከፈተ፣ ፈንክሽኑ አብሮ አይቀመጥም። ፖፕቱ እዚህም ይበጃል፦ የታችኛውን ገጽ ስም ከተመረጠው ዋጋ ጋር ይጠሩታል፣ ሞዳሉ ይዘጋል፣ ዋጋው በፓራሜትር ይደርሳል። የድሮዎቹ ፓራሜትሮች ሳይጠፉ አዲሱ እንዲጨመር መርጅ የሚለውን ምርጫ ማብራት ይገባል፤ ካልበራ አዲሱ የድሮውን ይተካዋል፣ ገጹም የራሱን መለያ ቁጥር አጥቶ ባዶ ይሆናል።

ፎርምሺት

ከታች ብቅ የሚለው፣ ግማሽ ስክሪን ላይ የሚቆመው ሉህ፣ ፎርምሺት የሚባለው ፕረዘንቴሽን፣ በ7 ከስክሪንስ ጥቅል 4ኛ ዕትም ጋር በሁለቱም ስልኮች ይሠራል። አፕል ይህን በአይኦኤስ 15 ነው ለአፕ ሠሪዎች የከፈተው። የሚቆምባቸው ከፍታዎች ከ0 እስከ 1 ባሉ ክፍልፋዮች ይሰጣሉ፤ ለምሳሌ 0.5 እና 1። ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር አለባቸው፣ በአንድሮይድም ከ3 መብለጥ አይችሉም። ሉህ በይዘቱ ቁመት ልክ እንዲሆን ፊትቱኮንቴንትስ የሚለውን መስጠት ይቻላል።

ወጥመዱ እዚህ ነው። ገጽ ሲጻፍ የላይኛው ቪው ላይ ፍሌክስ 1 ማድረግ፣ ማለትም ያለውን ቦታ ሁሉ እንዲሞላ ማዘዝ፣ ልማድ ሆኗል። ፊትቱኮንቴንትስ ከዚህ ልማድ ጋር ሲገናኝ በአንድሮይድ ሉሁ ጨርሶ አይታይም፤ የሚታየው የጠቆረው ጀርባ ብቻ ነው። ሉሁ «ይዘትህ ስንት ነው?» ይላል፣ ይዘቱ «የሰጠኸኝን ያህል» ይላል፣ መጨረሻው ዜሮ ይሆናል። ፍሌክሱን አንሥቶ ይዘቱ የራሱ ቁመት እንዲኖረው ማድረግ ነው። በግምገማችን የላይብረሪው ያልበሰለ ክፍል ይህ ነው፤ አጭር ምርጫ ለማሳየት ይሁን፣ ረጅም ፎርም ግን አይጫንበት።

ሲወጡ መጠየቅ

ያልተቀመጠ ጽሑፍ ያለበትን ገጽ ተጠቃሚው ሲዘጋ «ልትወጣ ነው?» ማለት የተለመደ ነው። ድሮ ለዚህ ቢፎርሪሙቭ የተባለው ኢቨንት ይደመጥ ነበር። በኔቲቭ ስታክ ግን ጣት ሲጎትት ገጹን የሚያነሣው ስልኩ ራሱ ነው፤ ጃቫስክሪፕቱ ሲሰማ ገጹ ሄዷል። ዩዝፕሪቬንትሪሙቭ የሚለው ሁክ አስቀድሞ ለኔቲቩ ክፍል ስለሚናገር ትክክለኛው እሱ ነው፤ ቅድመ ሁኔታውንና በሚታገድበት ጊዜ የሚጠራውን ፈንክሽን ይቀበላል። በአይፎን የመመለሻ ቀስቱ ተጭኖ ሲቆይ የሚወጣው የገጾች ዝርዝር ግን ለብቻው መዘጋት አለበት፣ ሁኩ እሱን አይሸፍንም። ሌላ ታብ መንካትና አፑን መዝጋትም ገጹን ከስታኩ ስለማያነሡ ጥያቄው አይመጣም፤ ረጅም ነገር የሚጻፍበት ፎርም ረቂቁን በየጊዜው ማስቀመጥ አለበት።

ከሥር ያሉት ገጾች አይሞቱም

በላዩ ሌላ ገጽ የተከመረበት ገጽ ከሜሞሪ አይወጣም። ዩዝኢፌክት ውስጥ የተጀመረ ቆጣሪ ወይም የቪዲዮ ድምፅ ገጹ ባይታይም መሥራቱን ይቀጥላል፤ ተመልሰው ሲመጡም ዳታው እንደ አዲስ አይጠየቅም። ገጹ በታየ ቁጥር መነሣት፣ በተሸፈነ ቁጥር መቆም ያለበት ነገር በዩዝፎከስኢፌክት ይጻፋል። የሚሰጠው ፈንክሽን በዩዝኮልባክ መታሸጉ አይረሳ፤ ካልታሸገ በእያንዳንዱ ሬንደር እንደገና ይጠራል፣ ሰርቨሩም በጥያቄ ይጥለቀለቃል። የተሸፈኑት ገጾች በከንቱ ሬንደር እንዳያደርጉ ፍሪዝኦንብለር የሚባል ምርጫ አለ፤ ረጅም ዝርዝር ባላቸው ገጾች ላይ ልዩነቱ ይታያል።

መግቢያ ገጽ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ሎግኢን ከተሳካ በኋላ ወደ መነሻ ናቪጌት ማድረግ ነው። እንዲህ ሲሆን የመመለሻ ቁልፉ ወደ ሎግኢን ይመልሳል። ትክክሉ ተጠቃሚው ከገባ የመነሻ ገጾች ብቻ፣ ካልገባ የመግቢያ ገጾች ብቻ በናቪጌተሩ ውስጥ እንዲኖሩ በሁኔታ መለየት ነው፤ ሁኔታው ሲቀየር ላይብረሪው ራሱ ያዛውራል። ናቪጌቱን በላዩ የጨመረ ሰው ትእዛዙን የሚቀበል ናቪጌተር አልተገኘም የሚል መልእክት ያያል፣ ገጹ ገና አልተመዘገበምና።

በሊንክ የተከፈተ ገጽ ደግሞ ከሥሩ ምንም ላይኖረው ይችላል፤ የመመለሻ ቀስት የለም፣ የአንድሮይዱ ቁልፍም ከአፑ ያስወጣል። በሊንኮቹ ቅንብር ውስጥ ኢኒሻልራውትኔም ላይ የመነሻውን ገጽ ስም መስጠት ከሥሩ ገጽ ያስቀምጥለታል። በእጅ የተጻፈ «ተመለስ» ቁልፍ ካለም ካንጎባክን አስቀድሞ ይጠይቅ።

የስታቲክ አጻጻፍ

7 ገጾቹን በኮምፖነንት ከመጻፍ ይልቅ በአንድ ኦብጀክት ውስጥ የመዘርዘር መንገድ ጨምሯል። የሊንኩ መንገድ እዚያው ከገጹ ጎን ይጻፋል፣ የታይፕስክሪፕት ዓይነቶችም ከዝርዝሩ በራሳቸው ይወጣሉ፤ ድሮ ሁለት ቦታ ይጻፍ የነበረው አንድ ቦታ ይሆናል። ገጾቹ ከሰርቨር በሚመጣ ዝርዝር ለሚወሰኑበት አፕ ግን የድሮው አጻጻፍ ይሻላል፤ ሁለቱን ማደባለቅም ይፈቀዳል። በፋይል ስም ገጽ መፍጠር የሚወድ ሰው ኤክስፖ ራውተርን ቢመርጥ ከላይብረሪው አልራቀም፣ እሱም የተሠራው በዚሁ ላይ ነው፤ ስለ ሞዳል የተባለው ሁሉ እዚያም ይከተለዋል።

ለሚሸጋገር ሰው ከናቪጌት ሌላ ሦስት ትናንሽ ነገሮች ይቀራሉ። የራሱን ቀለም በቴም የሰጠ አፕ አሁን ፎንቶችንም በዚያው መስጠት አለበት፣ አለዚያ ሄደሩ ሲሣል ይወድቃል። በታቦች ላይ አንማውንትኦንብለር የሚለው ተነሥቷል፤ ታቡ ሲለቀቅ ስታኩን ወደ መጀመሪያው ገጽ ለመመለስ ፖፕቱቶፕኦንብለር ተተክቶለታል። ከመመለሻ ቀስቱ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ይደብቅ የነበረው ምርጫም ስሙ ሄደርባክበተንዲስፕሌይሞድ ሆኗል፤ ቀስቱን ብቻ ለማስቀረት ሚኒማል የሚል ዋጋ ይሰጠዋል።